ነጩ ጭረት

ምስሉ ስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር እየተሣለ ሲወርድ፣ ተመራማሪዋ ትንፋሿን ውጣ ትመለከት ነበር። ምስሉን የሚሥለው የማይክሮስኮፑ መርፌ በብር ገጽ ላይ የተነጠፈውን፣ ውፍረቱ አንድ የአቶም ንጣፍ ብቻ የሆነውን ሲሊከን ሳይነካ ይዳስስ ነበር። በዚያ ክፍል ኮቴ ከተሰማ መርፌው ተናውጦ የተለፋበት ሁሉ ገደል ይገባል። አዛውንቱ ቴክኒሻን፣ ጋሼ፣ ሰውን ሁሉ በር ላይ ጫማ የሚያስወልቁት፣ ያስነጠሰውን ሳይቀር የሚያባርሩት ለዚሁ ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያየችው ብዥታ ብቻ ነው። አሁን ግን በብዥታው መሀል ስድስት ነጥቦች ክብ ሠርተው ብቅ አሉ፤ ሲሊከን በብር ላይ ሲደረደር ይሠራዋል የተባለው አበባ! "መጣች!" ብለው ጋሼ እንደ ጎረምሳ ዘለሉ። ወለሉ ጓ አለ፤ ምስሉን ከዳር እስከ ዳር ነጭ ጭረት ሰነጠቀው።

"ጋሼ!"

"እግሬን ይቁረጠው! ስንቱን ስቆጣ ኖሬ እኔው ልሥራው?"

መርፌውን ልታቆም እጇን ዘረጋች። እጇ ግን አየር ላይ ቀረ። ከጭረቱ በታች አበቦቹ ረድፍ በረድፍ፣ ነጥባቸው እስኪቆጠር ድረስ ጠርተው ይወርዱ ጀመር። ለካ ያ ዝላይ መርፌው ጫፍ ላይ ተጣብቆ ምስሉን ሲያደበዝዝ የነበረውን ጉድፍ አራግፎት ኖሯል!

"ልጄ" አሉ ጋሼ በሹክሹክታ። ዞር ስትል አንድ እግራቸውን እንደ ሽመላ አንጠልጥለው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። "ላውርደው?"

"ምስሉ እስኪያልቅ እንዳይሞክሩት!"