ለልምላሜው ወር የተቀመጠ ጠብ

ውሸት ከሆነ ምላሴ ይድረቅ፤ ዘመኑ ገና ባይደርስም ነገሩ እውነት ነው። በታጁራ ዳርቻ የሰው ትንፋሽ የሚመጣው ከባሕሩ ነው። በሐሩሩ ወራት ነፋሱ ሲተኛ፣ ትንፋሽ የሚሰጠው የባሕሩ ደቃቅ አረንጓዴ ልምላሜ ይጠፋና አየሩ ይሳሳል። ያኔ ባልና ሚስት እንኳ ጠባቸውን ለልምላሜው ወር ያስቀምጣሉ።

«የአባቴን ጀልባ ለምን ሸጥክብኝ?» አለችው ዘሀራ ባሏን።

«ባሕሩ ሲለመልም እንጣላለን» አለ ሁመድ በሹክሹክታ። «እስከዚያ ትንፋሽሽን ቆጥቢ፤ እኔን ለመስደብ ይጠቅምሻል።»

ሁመድ ልምላሜውን ሳያይ ሞተ።

ባሕሩ አረንጓዴ የሆነ ቀን ሰፈሩ በጠብ ቀለጠ። ዘሀራም ሁመድ ይተኛበት በነበረው ባዶ ሰሌን ፊት ቁጭ ብላ ያጠራቀመችውን ስድብ ሁሉ አወረደችበት። ሲደክማት «አጥፍቻለሁ» የሚል ድምፅ ሰማች።

እሺ፣ ድምፁን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሰሌኑ ዝም ነው ያላት።