ባሩድ እና የእህቱ ፊት

«አንቺ ሴትዮ፣ ዓይን የለሽም እንዴ?!»

መካኒኩ የጨበጠውን መፍቻ መሬት ላይ ወረወረው…

የጋራዡ ሰው ተሰበሰበ።

«ክዳኑ ላይ ናፍታ ተብሎ ተጽፏል! በትልቁ! ምን ብለሽ ነው ቤንዚን ያስሞላሽበት?»

ሴትዮዋ አርባ ቢሆናት ነው… ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆማለች።

«የወንድሜ መኪና ናት… የኔዋ በቤንዚን ነው የምትሄደው። እና… ያው መስሎኝ…»

«ያንቺዋ ስለሄደች የሱም ትሄዳለች?! ኧረ ያዙኝ! ሰው እንዴት ሳያነብ ይሞላል?»

ሰዉ ሳቀ።

ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ፣ መኪናዋን ለጥገና ትታ፣ በእግሯ ወጣች።

ይሄ የሆነው ቅዳሜ ነው።

ይሄን መካኒክ ጋራዥ ውስጥ «ባሩድ» ነው የሚሉት። ክብሪት እንኳ አይፈልግም፣ ዝም ብሎ ይፈነዳል።

እሺ… ይቺን ያዙልኝና ባሩድ ቤት እንግባ።

ባሩድ ድሮ ፊቱን ብጉር ወርሶት ነበር። ቆዳው ወዛም ነው፣ በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ግሪስና ላብ። ከአንድ መዋቢያ መደብር የፊት መታጠቢያ ገዛ… በሁለት ወር ፊቱ ጥርት አለለት።

አለቀ! ሰውዬው በአንድ ጠርሙስ የቆዳ ሐኪም ሆኖ ቁጭ!

ታናሽ እህቱ ደግሞ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ቆይታ፣ በስንት መከራ አንድ ሆቴል ለእንግዳ ተቀባይነት ጠራት። ቃለ መጠይቁ ሐሙስ ነው።

ታዲያ ግንባሯ ላይ ብጉር ወጣባት። ስንት? ሁለት! ሁለት ፍሬ!

የሷ ቆዳ ግን ደረቅ ነው… ታጥባ ቅባት ካላስነካችው ዝናብ እንዳጣ መሬት የሚሰነጣጠቅ።

«በዚህ ታጠቢ!» አላት ባሩድ።

«ወንድምዬ፣ የኔ ፊት እኮ እንዳንተ አይደለም…»

«እኔን ያዳነ አንቺን ይገድላል እንዴ? አንድ እናት አይደለች የወለደችን?»

በቀን ሦስቴ አስታጠባት። የምትቀባውንም ከለከላት፣ «ብጉሩን የሚያመጣው እሱ ነው» ብሎ።

በሁለተኛው ቀን «ኧረ ያቃጥለኛል» አለችው።

«ካቃጠለ እየሠራ ነው ማለት ነው!»

ቆይ… ይሄን ነገር ማነው ያስተማረን? መቃጠል ከመቼ ወዲህ ነው መዳን የሆነው? ምጣድም ያቃጥላል እኮ! ፊታችሁን ትጥዱበታላችሁ?!

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ከክፍሏ አልወጣም አለች። ጉንጮቿ ቀልተዋል… አገጯ ተልጧል… ፈገግ ልትል ስትሞክር ቆዳዋ እየተወጠረ እንባዋ ይመጣል።

«ሐሙስ አልሄድም። በዚህ ፊት ማንን ልቀበል?» ብላ ብርድ ልብሱን ተከናነበች።

ታዲያ ባሩድ ራሱን ጠየቀ? የት አባቱ!

ጠርሙሱን አንጠልጥሎ፣ እህቱን በክንዷ ይዞ፣ ግሪስ በጠጣው ቱታው መዋቢያ መደብሩ ድረስ ገሰገሰ።

«ይሄን መርዝ የምትሸጡት እነማን ናችሁ?!»

ደንበኛው ሁሉ ዞረ። ከውስጥ የመደብሩ ባለቤት ብቅ አለች…

ሴትዮዋ!

ያቺው ቤንዚን ያስሞላችው!

ባሩድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

እንግዲህ ተራው የሷ ነው አይደል? ሰው ፊት ነው ያዋረዳት። መደብሩ ደግሞ በሰው ጢም ብሏል…

እሷ ግን በሱ በኩል አልፋ ሄደች፣ ወደ ልጅቷ። እጇን ይዛ መስኮቱ ጋ፣ ብርሃኑ ላይ አቆመቻት።

«የኔ ቆንጆ፣ ታጥበሽ ምንም ሳትቀቢ ስትቆዪ ፊትሽ ያብረቀርቃል ወይስ ይወጥርሻል?»

«ይወጥረኛል።»

«ድሮም?»

«ድሮም።»

ከዚያ ጠርሙሱን ከባሩድ እጅ ተቀብላ ጽሑፉን ወደሱ አዞረችው። ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ…

«እስቲ ይቺን አንብባት፣ ወንድሜ።»

አነበበ። «ለወዛም ቆዳ ብቻ።»

በትልቁ ተጽፏል!

«እኔን… አድኖኝ ስለነበር… ያው መስሎኝ…»

ቃሉን አልጨረሰውም። የት እንደሰማው ትዝ አለው።

«አውቃለሁ» አለችው ፈገግ ብላ። «እኔም ያው መስሎኝ ነበር።»

ቢመታ ይሻለው ነበር!

ወደ ልጅቷ ዞራ፣ «ዛሬ የምሸጥልሽ ነገር የለኝም» አለቻት። «ይሄን ተዪው። ለብ ባለ ውሃ ብቻ ታጠቢ፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ ሽታ የሌለው ተራ የቆዳ ማለስለሻ ቅባት ተቀቢ። ቤት ውስጥ ያለሽ ካለ እሱው ይበቃል። እስከ ነገ ካልበረደልሽ ግን የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። እኔ ሻጭ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም።»

«እትዬ…» አለ ባሩድ፣ «ያን ቀን ያልኩዎት…»

«መኪናዋስ ዳነች?»

«ድናለች… የነዳጅ ታንከሩን አጥቤዋለሁ። ቤትዎ ድረስ አመጣታለሁ።»

ሐሙስ ልጅቷ ሄደች። ጉንጯ ገና ቀላ ያለ ነበር… ግን ፈገግ ማለት ችላለች። በሳምንቱ ተደወለላት፣ አልፋለች!

ባሩድስ?

ሌላ ቀን አንድ ሰውዬ የናፍታ መኪናው ውስጥ ቤንዚን አስሞልቶ መጣ። ጋራዡ በሙሉ ሥራውን አቁሞ ፍንዳታውን ጠበቀ…

ባሩድ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«አይዞህ ወንድሜ… ሞተሩን አስነስተኸዋል?»

ወገኖቼ… ላንተ የበጀህ ለእናትህ ልጅ እንኳ ላይበጅ ይችላል! ከመምከርህ በፊት ጠይቅ፣ ከመጮህህ በፊት አንብብ። ዛሬ የሳቅህበት ስህተት ነገ ያንተው ቤት ተቀምጦ ይጠብቅሃል።

እስቲ አሁን ሳትደባብቁ ጻፉልኝ…

«ካቃጠለ እየሠራ ነው» ያላችሁ ሰው ማነው? ወይስ… ባዮቹ እናንተው ናችሁ?