በየሩብ ሰዓቱ የሚጠየቅ ወንዝ

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ ግን ከጉብታዬ ላይ ጮኼ የታችኛውን መንደር የማተርፈው ሃምሳ ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ።

አምና ሁለት ኢንጂነሮች ወንዙ ላይ መለኪያ ሊተክሉ መጥተው ደጄ ላይ ተከራከሩ።

«ሬስት በሚባለው የጥያቄና መልስ ዘዴ እንሥራው፣ ይቀላል» አለ ዘርጋው የሚባለው። «ኮምፒውተራችን በየሩብ ሰዓቱ መለኪያውን ይጠይቃል፤ መልሱን በሰው ሁሉ ስልክ ይናገራል።»

ጓደኛው «ውሃው ሲነሳ መለኪያው ራሱ ወዲያው መልእክት ቢልክ አይሻልም?» አለው።

«ይሻላል እንጂ!» አልኩ። «ደራሽ እስክትጠይቀው ቆሞ ይጠብቅሃል? አማትህ መሰለህ?»

ዘርጋው ሳቀ። «እማማ፣ እርስዎ ከእንግዲህ ይረፉ። መንደሩም ከስልኩ በቀር ማንንም እንዳይሰማ ነግረናል።»

የዘርጋው ሐሳብ ጸና።

ዛሬ ስልኬ «ወንዙ ሰላም ነው» ካለ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ ጭቃማው ውሃ ግንድ እያንከባለለ ከላይኛው መታጠፊያ ሲወጣ አየሁት። ልጄ አስካለ ከታች ወንዙ ዳር አሸዋው ላይ ልብስ ታሰጣለች።

«ደራሽ! አስካለ፣ ውጪ!» አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ።

ቀና ብላ አየችኝ። ከጉያዋ ስልኳን አውጥታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ሰላም ነው ይላል እኮ፣ እማዬ!» አለችና፣ እንዳምናት ስልኳን ወደ እኔ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።