አሥራ ሁለት ሣጥን

መምህሩ ማንኛውንም ልቦለድ እንደ ዶሮ ለአሥራ ሁለት እየበለተ፣ ራሱ ባወጣው ሰንጠረዥ ሣጥኖች ውስጥ ይደለድለዋል። ሣጥን ያልተገኘለት ነገር ለእሱ ሥነ ጽሑፍ አይደለም። ተማሪዎቹ ስም ሳይጽፉ ነው የሚያስረክቡት፤ ጸሐፊውን ካወቀ ፍርዱ ይዛባላ!

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አሳድሮት የነበረውን የተማሪዎች ልቦለድ ማረም ጀመረ።

"ትርሲት፣ ሻይ!" አለ ሚስቱን።

ዘጠነኛው ወረቀት ላይ ሲደርስ ፊቱን አጨማደደ። አንዲት ሴት፣ አሥራ አራት ዓመት ስታወራው ሰምቷት የማያውቀውን ባሏን ትታ እንደምትሄድ ትተርካለች። የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ አላወቀም፤ ግድም አልሰጠው። ሣጥኖቹን ሞላ። አተራረክ፦ አንደኛ መደብ። ግጭት፦ ሰው ከሰው። ባልየው፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይለወጥ፤ እንዲህ ያለ ድንዝ ሰው በእውኑ ዓለም የለም። መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ የቤቱን ቁልፍ ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀምጣ ትወጣለች። በቀይ እስክሪብቶ አሰመረበት፦ "ለምን ቴሌቪዥኑ ላይ? ምክንያት የለሽ። ከአሥር ሦስት።"

"ትርሲት! ስንቴ ልጥራሽ? ነይ፣ የሚያስቅ ነገር ላንብብልሽ!"

ሻዩን ራሱ ሊቀዳ እየተነጫነጨ ተነሣ። በቴሌቪዥኑ በኩል ሲያልፍ የትርሲትን የቤት ቁልፍ እላዩ ላይ አየው።

ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና "ምክንያት የለሽ" የሚለውን ሰርዞ ሦስቱን አራት አደረገላት።