ወሬ አቀባዩ

«ይኼ ማኅበር ምን ይፈይድልሻል?» አላት ርዕሰ መምህሩ። «ደመወዝ አይጨምርልሽ፣ እድገት አያሰጥሽ!»

«ባያሰጠኝም እሄዳለሁ» አለች የእንግሊዝኛ መምህርቷ።

በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ የምታስተምረው እሷ ብቻ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤት ከተማ ሄዳ ከአራት የእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር አባላት ጋር ትገናኛለች፤ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ይተቹታል። ሰኞ ክፍል ስትገባ ዘጠና ተማሪ በእንግሊዝኛ ሲከራከር ቢሮ ድረስ ይሰማል።

ርዕሰ መምህሩ ግን አላመናትም። በር ዘግቶ የሚሰበሰብ ሰው አለቃውን ሳያማ አይቀርም ብሎ፣ ከመስከረም ጀምሮ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ጋሽ ድንበሩን ቅዳሜ ቅዳሜ ይልክባቸው ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ማን ይጠረጥራቸዋል? ሰኞ ሲጠይቃቸው ግን ሁልጊዜ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ገና አልገባኝም፣ ጌታዬ።»

ግንቦት ላይ ትዕግስቱ አለቀና ሁለቱንም ቢሮ አስጠራቸው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቷል፤ የቀረው ጥፋቷን መሙላት ብቻ ነው።

«የፈለጉትን ይጻፉበት» አለች መምህርቷ። «ቅዳሜም እሄዳለሁ።»

«ጋሽ ድንበሩ፣ እስቲ ፊት ለፊቷ ይናገሩ። ምን ሲያወሩ ሰሙ?»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በመስኮት አዩኝ። ይግቡ አሉኝ። የሚለማመዱበት ተማሪ አልነበራቸውም። ተማሪያቸው ሆንኩ። ጌታዬ፣ ሌላ ሰላይ ይፈልጉ» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ በእንግሊዝኛ።