የዓርብ ፓስታ

«ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እቤትሽ እራት እበላለሁ። የወንድምሽ ነገር ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋል፤ እዚያው እናየዋለን» አላት ጓድ አስማረ። ይህን ያላት አራዳ፣ መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ቀኑ ዓርብ፣ ወቅቱ የዐቢይ ጦም እኩሌታ።

ይርገዱ እንዴት እቤቷ እንደደረሰች አታውቅም። ወንድሟ ዓለምነው ከታሰረ ሦስት ሳምንቱ ነው። አባት እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ከእሱ ሌላስ ማን አላት? በዚያ ሰሞን ደግሞ ከገቡት የወጡት ጥቂት ነበሩ። የሚያስወጣውም የሚያስቀረውም ይኸው ካድሬ ነው።

እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ። ጓዳዋን በረበረች። ከቀበሌ ሱቅ የተገዛ አንድ እሽግ ፓስታ፣ ሽንኩርት፣ የቲማቲም ድልህ፣ ትንሽ የኑግ ዘይት አገኘች። ሸጋ የጦም እራት ይወጣዋል። ቡታጋዙን ለኩሳ ውሃ ጣደችና ሽንኩርቱን ትከትፍ ጀመር።

ይሄኔ ጎረቤቷ እትዬ ሸዋረጋ በበሩ ብቅ አሉ። የቀበሌው ወሬ ሁሉ የሚያድረው እሳቸው ዘንድ ነው። ምክርም አይነፍጉም፤ ነፃ ነዋ!

«ካድሬ ልታበዪ ነው አሉ! ደግሞ በዘይት ነው የምታቁላዪው? ምን ነካሽ፣ አንቺ ልጅ?»

«ጦም አይደል እንዴ፣ እትዬ?»

«ኧረ ዝም በይ! ያን የታሰረውን መምህር ካድሬዎቹ ‹ጦመኛ፣ አድኃሪ› ብለው አይደል የጻፉበት? ሰውዬው እራት ያጣ መሰለሽ? ቤትሽን ሊሰልል ነው እንጂ! እኔ አንቺን ብሆን ሥጋ እጨምርበታለሁ። ያቺንም የእመቤታችንን ሥዕል አውርጃት።»

ይርገዱ ለፋሲካ ያስቀመጠቻት አንዲት የሥጋ ቆርቆሮ ነበረች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ከፈተቻት። የፋሲካውንም ቅቤ ጨመረችበት። «እመቤቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ብላ ሥዕሏን ከግድግዳው አወረደችና አልጋው ሥር አስገባቻት። ፓስታው ሳይበስል የሱጎው ሽታ ቤቱን ሞላው።

ጓድ አስማረ በሰዓቱ መጣ። ጠባቂም ሳያስከትል፣ ብቻውን። ከንፈሩ ደርቋል።

«ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሁም» አለ።

«ሥራ በዝቶብዎት ነዋ።»

ግድግዳው ላይ ሥዕሏ የነበረችበትን ቦታ አተኩሮ አየ።

«ምን ነበረ እዚህ?»

«የቀን መቁጠሪያ።»

ፓስታውን አቀረበችለት። ሹካውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«ምን ገባበት?»

«ሥጋ ነዋ! ቅቤም አለው» አለች፣ ፈገግ ለማለት እየታገለች።

«ምነው፣ ዛሬ ዓርብ አይደል?»

ይኸው መጣ፣ አለች በልቧ። «ጓድ፣ እኛ ቤት ጦም የሚባል ነገር አናውቅም። የአሮጊቶች ተረት ነው።»

ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። እሷም ሳትጠየቅ አንድ ሹካ ሙሉ ጠቅልላ ጎረሰች። ከተወለደች በዐቢይ ጦም ቅቤ በአፏ ዞሮ አያውቅም። በውሃ ገፋችው። ልጁ ይውጣልኝ እንጂ እኔስ ንስሐ እገባለሁ፣ አለች።

ጓድ አስማረ ምንም ሳይቀምስ ተነሣ። ይርገዱ እግር በእግር ተከተለችው።

«የወንድሜስ ነገር፣ ጓድ?»

«ዛሬ ላስወጣው ልደፍር ነበር» አለ፣ በሩ ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «‹እህቴ ብትሞት ጦም አትሽርም፤ ምላ ምስጢር ከያዘችም አታወጣም› ብሎኝ ነበር።»

ከሸሚዙ ኮሌታ ብቅ ያለውን ጥቁር ማተቡን መልሶ ሸሸገና ሄደ።