ታውኖ አይቶታል

እኔ በውሸት የታወቅኩ ነኝ፤ ይቺ ግን እውነት ናት። ዓርብ ከሰዓት፣ ታምፔሬ ከተማ፣ ሰው ሁሉ ሐይቅ ዳር ጎጆው ሄዷል። እኔ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የተገኘ ቀዳዳ እጠግናለሁ፤ ሲስተሙ የለቀቀውን ሜሞሪ ተመልሶ ይነካል፣ ሌባም በዚያው ይገባል። በእኛ ሥራ ደግሞ ሁለተኛ ሰው አይቶ ስሙን ካላሰፈረ ጥገና አይወጣም። የሚያይልኝ ሳጣ «ታውኖ አይቶታል» ብዬ ጻፍኩና ሳቅኩ። የሥራ ባልደረባችንን ታውኖን በረዶው ሳይቀልጥ ቀብረነዋል፤ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ።

ጥገናው እስከ ሆስፒታሎች ድረስ ተዳረሰ። ሰኞ አለቃችን አውኔ ደወለች።

«አንተ ቀልደኛ፣ ታውኖ አይቶታል ያልከው አንተ ነህ?»

«ጥፋቴ ነው አውኔ። በሙት መቀለዴ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል።»

«ለእሱ ንገረው። አላየሁትም ብሎ ጽፎልኛል።»

«አትቀልጂ! ማን ነው በስሙ የገባው?»

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። ቀዳዳው አልተደፈነም ይላል፤ አየሁት፣ እውነቱን ነው። ሆስፒታሎቹ ለሌባ ክፍት ናቸው። አሁንም እየጻፈ ነው። እጅህን ከማውሱ ላይ አንሳ ይላል።»

አነሳሁ። ማውሱ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን፣ በዝግታ ተንሸራተተ።